ያልተነሣሁለት ይቅርታ

ሰው እያለቀሰ «ይቅር በይኝ» ሲል ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። ስለዚህ አለቃዬ በሥራ ባልደረቦቻችን ሁሉ ፊት እንባዋን እያፈሰሰች ይቅርታ ስትጠይቀኝ ከወንበሬ አለመነሣቴን ለሀበሻ ስናገር፣ አብዛኛው ፊቱን ያኮማትርብኛል። «አንቺ ደግሞ! ምን ነበረበት ብትነሺላት?» ይሉኛል። ምን እንደነበረበት እነግራችኋለሁ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ እንደፈለጋችሁ ፍረዱ፤ እኔ ግን አልጸጸትም።

ሥራዬ ነርስነት ነው። ሚኒሶታ ስመጣ የአረጋውያንን አልጋ በማንጠፍ ጀምሬ፣ ልጄን ጎረቤት እየተውኩ ተምሬ ነው ሲስተር የተባልኩት። ቤቴ ስደተኛ የበዛበት ፊሊፕስ ሰፈር ነው። የምሠራበት የአረጋውያን መንከባከቢያ ግን ፕሊማውዝ የሚባል ከተማ ውስጥ፣ ቢሮና መጋዘን ከሞላበት መንገድ ጀርባ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሕመማቸው ጠና ያለ ሰዎች ይኖራሉ፤ ኃላፊዋ ነርስ እኔ ነበርኩ። ማን ቡናው ሲቀዘቅዝ እንደሚቆጣ፣ ማን ኪኒኑን ምላሱ ሥር ደብቆ ኋላ እንደሚተፋ አውቃለሁ። ያንን ፎቅ ማንም በስጦታ አልሰጠኝም፤ ሠርቼ ነው ያገኘሁት።

እዚያ ፎቅ ላይ ሚስስ ዶሮቲ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ዕድሜያቸውን እርሻ ላይ የጨረሱ፣ አፋቸው የማይመለስ ሴት። ካርታ ስንጫወት ያጭበረብራሉ፤ ስይዛቸው ደግሞ «ዓይንሽ ለመርፌ ብቻ የሚሠራ መስሎኝ ነበር» ይሉኛል። እንዋደድ ነበር። ባላቸው ሲሞቱ ጉዳያቸውን ሁሉ ልጃቸው ስቲቭ ተረከበ። መጀመሪያ የመጣ ዕለት እኔ መድኃኒት ስሰጣቸው፣ ፎዚያ ጸጉራቸውን ስታበጥርላቸው አገኘን። ፎዚያ የሐረርጌ ልጅ ናት፤ ሒጃቧን አድርጋ የምትሠራ፣ እጇ የለሰለሰ ረዳት ነርስ። ሰላም አልነው። ሰላምታችንን ሳይመልስ ዞሮ ወደ ሊንዳ ቢሮ ወረደ።

ሊንዳ የቤቱ ሥራ አስኪያጅ ናት። በማግስቱ ጠርታኝ በሩን ዘጋችና «የቤተሰብ ምርጫ ነው» አለችኝ።

«የምን ምርጫ?»

«ስቲቭ እናቱን ሌላ ሰው ቢንከባከብለት ይመርጣል።»

«ምን ዓይነት ሌላ ሰው?»

እስክሪብቶዋን አገላበጠች። «ትርሲት፣ እባክሽ እንደዚያ አትውሰጂው። ለአንቺም ሰላም ይሻልሻል ብዬ ነው።»

እኔ ወደ አንደኛ ፎቅ ወርጄ በሌላ ነርስ ሥር እንድሠራ ተደረገ። ፎዚያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ገባች። በቦታችን ነጭ ነርስና ነጭ ረዳት ተተኩ። «በቀለማችሁ ነው» ያለን ግን አንድም ሰው የለም። እዚህ አገር ነገሩ ይደረጋል እንጂ ስሙ አይጠራም።

እኔም ዝም አላልኩም። ለዋናው ቢሮ አመለከትኩ፣ ደወልኩ፣ ደጋግሜ ጠየቅሁ። የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ፎቄን መልሱልኝ። ሳምንታት ካለፉ በኋላ መልስ መጣ። እኛ አገር፣ ቤት ሲቃጠል ውሃ ይጠራል፤ እዚህ አሠልጣኝ ይጠራል። ነጭ ሠራተኞች በሙሉ ስለ ዘረኝነት የሚማሩበት፣ ሲያዩትም ዝም እንዳይሉ የሚለማመዱበት የሁለት ቀን ሥልጠና ተዘጋጀ።

ሥልጠናውን አልንቀውም። ሰው መናገር ካልለመደ ቢያዝንም አፉ አይከፈትለትም፤ ይህን በራሳችን ሰዎችም አይቻለሁ። ያሳቀኝ ሌላ ነገር ነው። ነጮቹ ሁሉ ስብሰባ አዳራሽ ከገቡ ሕሙማኑን ማን ያያል? ሊንዳ ይህን ያሰበችው ዋዜማው ላይ ነው። ስለዚህ ለእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ፣ እኔን ሁለተኛ ፎቅ መለሰችኝ፤ ፎዚያንም ከማጠቢያው አወጣቻት። እነሱ ታች ስለ እኛ ሲማሩ እኛ ላይ ሥራቸውን እንሠራ ነበር። ሚስስ ዶሮቲ ሲያዩኝ «የት ጠፍተሽ ነው? አዲሷ ልጅ ካርታ አትችልም» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? «ሥራ በዝቶ ነው» አልኳቸው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አሠልጣኙ ወደ እኔ መጣ። ማርክ ይባላል፤ ነጭ ነው፤ ድምፁ ሕፃን የሚያስተኛ ይመስላል። «ከምሳ በኋላ ብትወርጂልን» አለኝ፤ «ሊንዳ የደረሰብሽን ጉዳት በሁሉም ፊት ማመን ትፈልጋለች። ለክፍሉ ትልቅ ፈውስ ይሆናል።» ለክፍሉ አለኝ። ለእኔስ ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሺ አልኩት።

ፎዚያ ይህን ስትሰማ አልጋ ማንጠፏን ትታ ቀና አለች። «ትርሲትዬ፣ እንዳትጣያቸው» አለችኝ። «ቢያለቅሱም ቢስቁም ሼጁል የሚያወጡት እነሱ ናቸው። የልጆቼ ኢንሹራንስ በዚህ ጆብ ነው። እሺ በያቸውና ነይ፣ በአላህ።»

«እሺ ብዬስ? ነገ ማጠቢያ ክፍል ልትመለሽ?»

«ማጠቢያም ሥራ ነው፤ ቢያንስ ሙቀት አለው» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ።

አዳራሹ ስገባ ወንበሮቹ ክብ ሠርተዋል። ግድግዳው ላይ በትልልቅ ወረቀት የተጻፉ ቃላት ተለጥፈዋል። ሁሉም እጅ ላይ ትናንሽ ካርዶች አሉ፤ ዘረኛ ንግግር ሲሰሙ ምን ብለው እንደሚመልሱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲለማመዱባቸው ነው የዋሉት። አንድ ወንበር ባዶ ተትቶልኛል፤ ከሊንዳ ፊት ለፊት። ወንበሩን ሳየው ወደ በሩ ተመለሺ ተመለሺ አለኝ፤ ለምን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ሊንዳ ጀመረች። «ትርሲት፣ ጎድቼሻለሁ። ሥልጣን ነበረኝ፤ አንቺን ለመጠበቅ ግን አላዋልኩትም። ነጭ ስለሆንኩ ሳላየው ያለፍኩት ብዙ ነገር እንዳለ በእነዚህ ቀናት ገብቶኛል። በጣም አፍሬያለሁ። ይቅር በይኝ።» እንባዋ ወረደ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእሷም እንባ የውሸት አልነበረም፤ ይህን አልክድባትም። ክቡ ውስጥ አፍንጫ መሳብ ተጀመረ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ እንኳ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ሊንዳ ተነሥታ እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ መጣች።

ያን ጊዜ ሰውነቴ እኔን ሳያማክር ተነሣ። እውነቴን ነው፤ መቀመጫዬ ከወንበሩ ለቅቋል፣ እጄ ተዘርግቷል፣ «ተይ፣ ተይ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሷል፤ ያውም በአማርኛ። እኛ ይቅርታ ጠያቂ ሲመጣ ብድግ ብለን ማንሣት ነው የምናውቀው። አስበንበት አይደለም፤ እንደ ማስነጠስ ነው።

ገና ሙሉ በሙሉ ሳልቆም ሳሎኔ ትዝ አለኝ።

ከባሌ ጋር ከመለያየታችን በፊት ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። ሶፋው ላይ ተደርድረው፣ ለእኔ ከእሱ ፊት ለፊት አንድ ወንበር ትተውልኝ። እሱ አለቀሰ፤ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ሽማግሌዎቹ በአንድነት ብድግ ብለው «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ!» አሉኝ። ሽማግሌ ቆሞ እምቢ አይባልም። እሱን «ምን አጠፋህ? ከእንግዲህስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔን ግን ይቅር እንድል ሁሉም ለመነኝ። ተነሣሁ፣ አነሣሁት፣ ተመረቅን። ብዙም ሳይቆይ እጁ ወደ ጥንቱ ዱላ ተመለሰ። ለሽማግሌዎቹ ስደውል «ታርቃችሁ የለም እንዴ?» አሉኝ። የራሴ ይቅርታ በእኔው ላይ ምስክር ሆኖ ቀረበ።

ለካ ተመለሺ ተመለሺ ያለኝ ለዚህ ነው። ይህ ክብ፣ ይህ ወንበር፣ ይህ ሁሉ እንባ፤ ሽማግሌዎቹ ነጭ ሆነው መጡ እንጂ ነገሩ ያው ነው። ዛሬ ከተነሣሁ ነገ አንደኛ ፎቅ ሆኜ «ይመልሱኝ» ስል «ይቅር ብላ የለም እንዴ?» ይላሉ።

ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ቀስ ብዬም አይደለም፤ ወንበሩ እስኪጮኽ ድረስ።

ሊንዳ እጆቿን እንደዘረጋች መሐል ላይ ቀረች።

«ሊንዳ፣ ነገ ጠዋት የት ነው የምሠራው?» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«ዛሬ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፤ እናንተ እዚህ ስለሆናችሁ። ነገ ሥልጠናችሁ ያልቃል። ነገስ?»

ሊንዳ ማርክን አየችው፤ ማርክ ጫማውን አየ። «ከቤተሰቡ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው» አለች። «ሂደት ነው። ለጊዜው… አንደኛ ፎቅ ነሽ።»

«እንግዲያው ገና እያጠፋሽ ነው» አልኳት። «እያጠፋ ያለ ሰው እንዴት ይቅርታ ይጠይቃል? እኛ ዘንድ የሰው በሬ የወሰደ ሰው ለዕርቅ ሲመጣ በሬውን እየነዳ ነው የሚመጣው። አንቺ በሬዬን ጓሮሽ አስረሽ እንባሽን ብቻ ይዘሽ መጣሽ።»

ለእናንተ አልዋሻችሁም፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፤ በሬ በቅርብ ያየሁት ለቅርጫ ሲታረድ ብቻ ነው። ግን ሰው ሲናደድ የገበሬ ልጅ መሆን ያምረዋል።

ማርክ ጉሮሮውን ጠረገ። «ትርሲት፣ ንዴትሽን እንሰማለን። ክፍሉ ውስጥ ከባድ ስሜት አለ። ምናልባት ሁላችንም ረዘም አድርገን ብንተነፍስ…»

«እኔ እየተነፈስኩ ነው» አልኩት። ሥራዬን እዚያው ወንበር ላይ እያጣሁት እንደሆነ ታውቆኛል።

በሩ ተበርግዶ ፎዚያ ገባች። «ትርሲትዬ፣ ቶሎ ነይ! ስቲቭ መጥቷል። ገና እኔን ሲያይ አበደ፤ እናቱን ነክተሻል ብሎ ይጮኽብኛል። ሌላ ሰው ጥሪ ቢለኝ፣ ያለነው እኛ ብቻ፤ ማንን ልጥራለት?» ሁሉንም በአማርኛ ነው የተናገረችው፤ «ስቲቭ» የሚለውን ስም ግን ክፍሉ በሙሉ ሰማው።

አሁን ተነሣሁ። «ሁለት ቀን የተለማመዳችሁበት ሰውዬ ላይ ፎቅ ነው» አልኳቸው። «ልምምድ አይደለም፤ ራሱ ነው። እኔ ሄጄ ፎቄ ላይ ልቆም ነው። የሚከተለኝ ይከተለኝ።»

አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። ስንት ካርድ ነበር እኮ በዚያ ክፍል! ዞሬ ሳላይ ወጣሁ። ደረጃው መሐል ስደርስ ከኋላዬ የጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ጄኒ ናት፣ የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ። በረዶ ላይ ከመውደቅ በቀር ምንም የሚያስፈራት ነገር ያጋጠማት የማትመስል ዝምተኛ ሴት ናት። ካርዶቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ፊቷ እንደ ወረቀት ነጥቷል።

ስቲቭ ከነርሶች ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ሚስስ ዶሮቲ ምሳ ክፍሉ በር ላይ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩታል።

«አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ። «ግልጽ ጥያቄ አቅርቤ ነበር። ቃል ተገብቶልኝ ነበር።»

«የዚህ ፎቅ ነርስ ነኝ» አልኩት። «እናትህ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ወስደዋል፣ ደኅና በልተዋል። ሌላ የምትጠይቀኝ ካለ እነግርሃለሁ።»

«ከአንቺ ምንም አልጠይቅም። ተገቢውን ሰው አምጡልኝ።»

ጄኒ ከጎኔ ወጣ አለች። ካርዷን አንዴ አየት አደረገችው። «ተገቢው ሰው ስትል…» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ደግማ ጀመረች። «ተገቢው ሰው ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። እባክህ በግልጽ ንገረኝ።»

ከደረጃው ሌሎቹም ብቅ ብቅ ብለዋል፤ ከኋላቸው ሊንዳ አለች። ስቲቭ «ነጭ» የሚለውን ቃል ከቢሮ በር ኋላ በሹክሹክታ መናገር አላቃተውም ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ግን አልወጣልህ አለው።

«ሊንዳ፣ ንገሪያቸው እንጂ» አለ።

ሁሉም ወደ ሊንዳ ዞረ። ሊንዳ እኔን አየችኝ። ዓይኗ «አግዢኝ» ይል ነበር፤ ሕይወቴን ሙሉ እንዲህ ያለ ዓይን ሳይ ጣልቃ ገብቼ «ችግር የለም፣ እኔ ልውረድ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን አላልኩም። እኔም ዓይኔን ሳልነቅል አየኋት።

«ስቲቭ» አለች በመጨረሻ፤ «ያንን ቃል ልገባልህ አይገባም ነበር። ነርስ በቀለም መርጬ ሰጠሁህ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ትርሲት የዚህ ፎቅ ኃላፊ ናት፤ ነገም ከነገ ወዲያም እሷው ናት። ፎዚያም እዚሁ ናት። በዚህ ካልተስማማህ ሌላ ቤት መፈለግ መብትህ ነው።»

«እወስዳታለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«ስቲቨን» አሉ ሚስስ ዶሮቲ፤ «ሰው ምግብ በሚበላበት ቦታ አይጮኽም።»

ትልቁ ሰውዬ እንደ ተማሪ ቀላ። ኮቱን አንሥቶ ወረደ። ማርክ ከደረጃው ጫፍ ሆኖ «ትርሲት፣ ክቡን አብረን ብንዘጋው ደስ ይለኛል» አለኝ። የማድለው መድኃኒት አለ አልኩትና ጋሪዬን ገፋሁ። ፎዚያ ከኋላዬ እየሳቀች ታለቅስ ነበር፤ የማጠቢያ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ለሊንዳ ሰጠቻት።

ስቲቭ ዛቻው ከንቱ አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ እናቱን ወሰዳቸው። ሻንጣቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ወዴት እንደሚሄዱ በደንብ አልገባቸውም፤ «ካርታዬን እንዳትረሺ» ብቻ ይሉኝ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የምወዳቸው ሰው ነበሩ፤ አሁን ማን ኪኒናቸውን በትዕግሥት እንደሚያስውጣቸው አላውቅም። አንዳንድ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ «አየሽ፣ ምን አተረፍሽ?» ይሉኛል። ፎቄን አተረፍኩ። በዚያ በር የምትገባዋ ቀጣይዋ ፎዚያ ስለ ቀለሟ ወደ ማጠቢያ እንዳትላክ አተረፍኩ። ማትረፍ ሁልጊዜ ደስታ አለው ያለ ማነው?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ በሰው አገር ሰው የምትንከባከቡ፣ ታክሲ የምትነዱ፣ ሱቅ የምትጠብቁ፤ አንድ ቀን እናንተም ወንበር ይተውላችኋል። የበደላችሁ ሰው ይማራል፣ ይገባዋል፣ ያለቅሳል። መማሩ መልካም ነው፤ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ጄኒን የምወዳት ከልምምዱ ወጥታ ደረጃውን ስለወጣች ነው። ግን ይቅርታችሁን እንደ ቲፕ ጠረጴዛ ላይ ጥላችሁ እንዳትሄዱ። «ነገ የት ነው የምሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ። ደግ ሰው አይደለሽም ይሏችኋል። ይበሉ። ደግነታችንን ሲያስበሉን የኖሩት የእኛው ሽማግሌዎች ይበቁናል።

ከወራት በኋላ ሊንዳ መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ቆማ «ይቅር ብለሽኛል?» አለችኝ።

«ገና ነው» አልኳት። «ሌላ ስቲቭ ይምጣና እንተያያለን።»

መጣም። እኔ ዕረፍት ላይ ነበርኩ፤ ደውላ የነገረችኝ ፎዚያ ናት። አንድ ቤተሰብ አባቱን ሊያስገባ መጥቶ ያንኑ ምርጫ በለሆሳስ ጠየቀ። ሊንዳ በሩን ሳትዘጋ፣ ማንንም ሳትጠራ፣ እዚያው መቀበያው ላይ ቆማ «እዚህ ቤት እንደዚያ አይደረግም» ብላ መለሰቻቸው። እኔ አላየኋትም፤ ለእኔ ልታሳይ ብላም አይደለም ያደረገችው። ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ» አልኩ፤ ከልቤ።

ለእሷ ግን እስካሁን አልነገርኳትም። ትሥራበት።